ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ስጥ የለም

ዛሬ ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ነው። ይህን የምጽፈው ጣሪያ ላይ፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጬ ነው። ከሸራው ሥር አንድ የበርበሬ ዛላ መዝዤ ጆሮዬ አጠገብ ወዘወዝኩት። ፍሬው ዝም አለ። በደንብ የደረቀ ዛላ ሲወዘወዝ ይንኮሻኮሻል፣ ሲሰብሩት ደግሞ ቀጭ ይላል። ይሄኛው እንደ ቆዳ ተጣጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ገና ሁለት ቀን ይቀረዋል፤ ያውም ሙሉ ፀሐይ ካገኘ።

«በርበሬው ምነው ዘገየ?» ብላችሁ በስልክም በአካልም ለጠየቃችሁኝ ደንበኞቼ መልሱ ይኸው ነው። ግን አጭሩን መልስ ስሰጥ ሰው አያምነኝም። «ዝናብ እኮ አልዘነበም!» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፣ አልዘነበም። እንግዲያው ረጅሙን ልጻፈው።

ለማታውቁኝ፦ አዳማ ውስጥ ትንሽ ባልትና አለን። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ አንዳንዴ በሶ። የጀመረችው እናቴ ናት፤ ከተማዋን እስከ ዛሬ ናዝሬት ነው የምትላት፣ ደረሰኝ ስትጽፍ ሳይቀር። ሱቁ ከታች ነው፣ ፋብሪካው ግን ይህ የሶሌታ ጣሪያ ነው። ማሽን የለው፣ ምድጃ የለው፤ ፀሐይና የናዝሬት ንፋስ ብቻ። ሰው የአየር ትንበያ የሚሰማው ጃንጥላ ልያዝ አልያዝ ብሎ ነው። እኔ የምሰማው ሁለት ኩንታል የማረቆ ዛላ አስጥቼ ነው።

ሰማዩ መክበድ የጀመረው ዓርብ ጥቅምት 28 ከሰዓት ነበር። ጠዋት ብራ ነበር፤ ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ከደቡብ በኩል እንደ ተነደፈ ጥጥ የሳሳ ደመና መጣ። ያን ዓይነቱን ደመና ሳይ ሆዴ ይባባል፤ ራሱ ምንም አያደርግም፣ ግን ብዙ ጊዜ ከኋላው የሚከተለው አለ። ቅዳሜ ሲነጋ ከተማው ግራጫ ክዳን ተደፍቶበት አገኘነው። እንዲህ እንደ ሆነ እስከ ዓርብ ኅዳር 5 ቆየ። ስምንት ቀን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣሪያዬ ላይ ያስቀመጥኩት አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ በማስመሪያ ስለካው ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። ይኼ ዝናብ ነው ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ያለ ዝናብ ምን ያዘሽ? ለስጥ የሚያስፈልገው ዝናብ አለመኖሩ ብቻ አይደለም። ሙቀት፣ ንፋስና ደረቅ አየር ሦስቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ደመናው ባለበት ሳምንት ቴርሞሜትሬ እኩለ ቀን ላይ ከ23 ዲግሪ ሳያልፍ ዋለ፣ ንፋሱ ቆመ፣ አየሩ ራሱ እርጥብ ሆነ። እንዲህ ባለ ቀን የተሰጣ ዛላ አይደርቅም፤ ይለሰልሳል። ውጪው ቀይና የሚያብረቀርቅ ሆኖ ይቀመጥና ውስጡ ሌላ ታሪክ ይጀምራል። ከፍታችሁ ካያችሁት ፍሬው የተያያዘበት ነጩ ቦታ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የመሰለ አመድማ ነገር ታገኛላችሁ። ሻጋታ ነው። ከውጪ አይታይም፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው።

ስለዚህ ለስምንት ቀን ፀሐይ የማይጠይቀውን ሥራ ሠራን። ሴቶቹ ከበረንዳው ሥር ተቀምጠው ዛላ ቀነጠሱ፣ እያነጠሱ፣ እየተሳሳቁ። እማዬ የሽሮውን አተር ለቀመች። ለድልዙ የተገዛው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ግን ሳይላጥ እስከ ዛሬ ጓዳ ተቀምጧል። ደመና እያለ ድልዝ አልደልዝም። ደረቅ ዛላ ሁለት ቀን ቢጠብቅ ይችላል። ከሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር የተወቀጠ እርጥብ ድልዝ ግን ሸራ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ካጣ በሁለተኛው ቀን ይኮመጥጣል። ያን ሽታ አንዴ ያሸተተ አይረሳውም።

አሁን ወደ ትንበያው። በየዓመቱ በዚህ ሰሞን ከሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የምንሰማው ነገር ይዘቱ ብዙም አይለዋወጥም፦ የበጋው ደረቅ፣ ፀሐያማና ነፋሻማ የአየር ሁኔታ ያይላል፤ አልፎ አልፎ በሚኖረው የደመና ሽፋን በጥቂት ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል፤ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ ይጠናከራል። እኛ ቤት ይህ ሲነገር እማዬ የምትሰማው «ዝናብ» የሚለውን ብቻ ነው፤ ሮጣ ሸራ ትፈልጋለች። አጎቴ ደግሞ «ደረቅ» የምትለዋን ይዘው ይሄዳሉ። እኔ ጆሮዬ የሚቆመው «የደመና ሽፋን» ላይ ነው። ሦስታችንም አንድ ሬዲዮ ነው የሰማነው።

(እዚህ ላይ አንዲት ነገር ካልተናገርኩ አይወጣልኝም። ይህን ወቅት «ፀደይ» የምትሉ ሰዎች አላችሁ፤ አበባ ስላያችሁ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ አቆጣጠር ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መፀው ነው፤ ፀደይ መጋቢት 26 ነው የሚገባው። ሚቲዎሮሎጂዎቹ ደግሞ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን በጋ ይሉታል። ስለዚህ ዛሬ መፀውም በጋም ነው፣ ፀደይ ግን አይደለም።)

ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር «ከመደበኛ በላይ» የሚለው ነው። የወቅት ትንበያ ሲወጣ በሦስት ይከፈላል፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች፤ ለእያንዳንዱም ዕድሉ ይነገራል። መደበኛ የሚባለው በብዙ ዓመት አማካይ ዙሪያ ያለው ነው። አዳማ ላይ በኅዳር የሚዘንበው ዝናብ ድሮም እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ደህና አድርጎ ከጣለ ወሩ ከመደበኛ በላይ ሊሆን ይችላል። «ከመደበኛ በታች» ሲባልም እንዲሁ ነው፤ ያቺ አንዲት ከሰዓት በኋላ አትመጣም ማለት አይደለም። እኔ የምፈራው ወሩን ሳይሆን ያቺን አንዲት ከሰዓት ነው።

አጎቴን ካነሳሁ አይቀር፣ ወለንጪቲ አካባቢ ጤፍ አላቸው። ባለፈው ረቡዕ ደወሉልኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ደመና እስከ መቼ ነው?»

«ጋሼ፣ እኔም እየጠበቅኩ ነው። ከሳምንቱ መጨረሻ ወዲያ ይገፈፋል ይላሉ። ስጥ ላይ ነኝ፣ ተጨንቄያለሁ።»

«አይ፣ እኔስ ቢቆይልኝ ብዬ ነው!»

ደነገጥኩ። ለካ እሳቸው አጨዳ ላይ ናቸው። የደረሰ ጤፍ በጠራራ ፀሐይ ሲያጭዱት ፍሬው ይረግፋል፤ ለዚህ ነው አጫጆች በማለዳ፣ ጤዛው ሳይረግፍ የሚጀምሩት። ደመናማ ቀን ሲሆን ግን ቀኑን ሙሉ ማጨድ ይቻላል። ነዶው ታስሮ፣ ተከምሮ፣ አውድማው በእበት ተለቅልቆ ሲያልቅ ያኔ ፀሐይና ንፋስ ይፈልጋሉ። ማለትም እኔ ዛሬ የምለምነውን እሳቸው የሚለምኑት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ታጭዶ በተኛ ነዶና በተዘረጋ ስጥ ላይ የሚመጣ ዝናብ።

እሱ በ2012 መጥቷል። በዚያ ዓመት ጥቅምትና ኅዳር የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ፣ በእኛ በኩል ያለው ውሃ፣ ከልክ በላይ ሞቆ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ በዝናብና በጎርፍ ተጥለቀለቀ። አዳማ ዋናው ዝናብ ያለበት ቦታ ባይሆንም ጫፉ ደረሰን። እኔ ያኔ አዲስ ነበርኩ፤ እማዬ ታማ ሥራውን በእኔ ላይ ጥላው ነበር። አንድ ሌሊት ሸራውን ሳላለብሰው አደርኩ። ስነቃ ቆርቆሮው ይንቆጫቆጫል። ሮጬ ስወጣ ዛላው በውሃ ላይ ይንሳፈፋል። «ይደርቃል» ብዬ መልሼ አሰጣሁት፤ ደመናው ግን አልለቀቀም። በሳምንቱ ስከፍተው ግማሹ በውስጡ ያ የሸረሪት ድር ነበረው።

አንድ ነጋዴ መጥቶ «ለእኔ ሽጪልኝ፤ ሲፈጭ ማን ያየዋል?» አለኝ። እንዳልዋሻችሁ፣ ለአንድ ሌሊት አስቤበታለሁ። እማዬ ከአልጋዋ ሆና «ልጆችሽን ታበይዋለሽ?» አለችኝ፤ ልጅ እንኳ አልነበረኝም ያኔ። የበርበሬ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ጉበት ነው የሚጎዳው። ማመስም ሆነ ወጥ ውስጥ ማብሰል አያጠፋውም። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው፤ የዚያን ጊዜ ያዳነኝ የእማዬ ቁጣ ነው።

እንግዲህ ልጥለው ወሰንኩ። የት? ኅዳር 12 ደረሰ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ በ1911 በኅዳር በሽታ ሰው እንደ ቅጠል ከረገፈ ወዲህ በየዓመቱ በሚካኤል ማለዳ ቆሻሻው በየደጁ ይቃጠላል። ጎረቤቱ ሁሉ ክምሩን ሲያዘጋጅ እኔም የሻገተውን ዛላዬን በማዳበሪያ ተሸክሜ ወጣሁ። ከቅጠሉ ጋር ደባልቄ ለኮስኩት። ምን ነካኝ አትበሉኝ። ዕድሜም ነው፣ ንዴትም ነው።

ያን ቀን ሌሊቱ ጠርቶ ስላደረ ማለዳው በጣም ይበርድ ነበር፤ ንፋስ የለም። ደመና ከሌለ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ሰማይ ለቆ ያድራል፤ ደመና ብርድ ልብስ ነው፣ ሲገፈፍ ይበርዳል። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ታች ይተኛል፤ አዳማ ደግሞ በኮረብታ መሃል ያለች ጎድጓዳ ስለሆነች ከዙሪያው ያለውም ወደ እኛ ይወርዳል። ከላይ ያለው አየር ሞቅ ያለ ነው። ስለዚህ ጭሱ ትንሽ ይወጣና፣ ልክ ጣሪያው ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ አናቱን ተመትቶ እንደ ነጠላ ይዘረጋል። ከሰፈሩ ቆሻሻ ጭስ ጋር የእኔ በርበሬ አብሮ ተዘረጋ። ውሻው ሳይቀር አነጠሰ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ኧረ ማነው?» እያሉ አለፉ። ጎረቤታችን ሐጂ ከግንቡ ማዶ ሆነው ሳላቸው ፋታ ሲሰጣቸው፣ «እናንተ በሽታውን ነው የምታባርሩት ወይስ እኛን?» አሉ። ፀሐይ ወጥታ መሬቱን እስክታሞቀው፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ፣ ያ ጭስ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ድንገት ተነሣና ጠፋ። እስከ ዛሬ በሰፈሩ «የበርበሬው ሚካኤል» ይባላል።

ደብተሩን የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። የልጅ ባለመስመር ደብተር ናት፤ አሁን ሦስተኛዋ ላይ ነኝ። በየቀኑ አራት ነገር እጽፋለሁ፦ ደመና፣ ንፋስ፣ ጤዛ፣ የንጋት ዲግሪ። ለንፋሱ መሣሪያ የለኝም፤ የሚያስፈልገኝም አይመስለኝም፣ ምክንያቱም መንግሥት ከከተማው በስተምዕራብ ኮረብታው ላይ ተክሎልኛል። በ2004 ያለቀው የመጀመሪያው የአዳማ ንፋስ ኃይል 34 ተርባይን አለው፣ በ2007 የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102። ሰው 51 እና 153 ሜጋ ዋት ብሎ ይቆጥራቸዋል። እኔ የማየው ፊታቸውን ነው። ተርባይን ሁልጊዜ ፊቱን ወደ ንፋሱ ያዞራል። ክረምት ላይ ንፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ሲመጣ ጀርባቸውን ይሰጡናል። በጋው ሲገባና ደረቁ ንፋስ ከምሥራቅና ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ዞረው ከተማውን ያያሉ። «ዞሩ» ስል እማዬ ገብቷታል፤ ሸራ ማንጠፍ ትጀምራለች። ባለፈው ሳምንት አብዛኞቹ ክንፋቸውን ሰቅለው ቆመው ነበር፣ ጥቂቶቹም ወዲያና ወዲህ እያዩ። ቅዳሜ ኅዳር 6 ከሰዓት ግን አንድ በአንድ ወደ እኛ ዞሩ።

ከደብተሬ የተማርኩት ሌላ ነገር አለ፣ እሱን ስጽፍ ግን ደስ አይለኝም። ከ2013 እስከ 2015 ያሉት ሦስት ኅዳሮች ለስጥ ወርቅ ነበሩ፤ ገጹ ሁሉ «ብራ፣ ብራ፣ ብራ» ይላል። በእነዚያው ወራት፣ ላ ኒና (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከልክ በታች ሲቀዘቅዝ የሚሉት) በተደጋገመበት ጊዜ፣ ቦረናና ሶማሌ ክልል የጥቅምትና የኅዳር ዝናባቸውን ሦስት ዓመት አከታትለው አጡ፤ ከብቱ አለቀ። ለእነሱ ይህ ወቅት ዝናብ ነው፣ ለእኛ ፀሐይ። ደመናው ከደቡብ ሲመጣ የማማርረው ሰው እኔ ነኝ፤ ያው ደመና ግን እዚያ የሚጠበቅ እንግዳ ነው። በ2016 ደግሞ ያው ውሃ ሞቆ ኤል ኒኞ ሆነና ተገላበጠ፤ ሶማሌ ክልልን ጎርፍ ወሰደው፣ የእኔ ደብተር «ደመና» ይል ጀመር።

አሁን ያለንበት እንዲህ ነው። ኅዳር 5 ንጋት ላይ ቴርሞሜትሩ 16 ዲግሪ ነበር። ዛሬ ንጋት 10። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ብርድ ዘንድሮ ዘግይቶ ኅዳር ላይ መጣ ማለት ነው። ቀኑ ግን የተመቸ ነው፤ ትናንት 27 ደረሰ፣ የማያቃጥል፣ ለስላሳ ሙቀት። ሰማዩ ጠርቷል፣ ተርባይኖቹ ፊታቸውን ሰጥተውናል። ትንበያው በሚቀጥሉት ቀናት ደረቁ ይቀጥላል ይላል፣ እኔም በዚህ አልከራከረውም።

ግን «ደረቅ» ሲባል ሌሊቱንም እንዳይመስላችሁ። ጥርት ባለ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ውሃ መሸከም ያቅተውና ባገኘው ነገር ላይ ይጥለዋል። አሁን ሸራው ላይ ጣቴን ባስኬድ መንገድ ይሠራል፤ ያ ሁሉ ጤዛ ነው። ደመና በነበረ ጊዜ ጤዛ አልነበረም! ስለዚህ ሕጌ ይህ ነው፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ስጡ ይሰበሰባል፣ ይሸፈናል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት አይገለጥም። «ፀሐይ ወጥቶ ምን ትጠብቂያለሽ?» ይሉኛል። ሸራው እስኪደርቅ ነው የምጠብቀው።

የእናንተ በርበሬ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ዛላው ነገና ከነገ ወዲያ ይደርቃል። ዓርብ ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ እማዬ ሥራ አታሠራም፣ እኔም አመድ እየወረደ ስጥ አላወጣም። ድልዙ ቅዳሜ ይደለዛል፣ እስከ ሰኞ ታፍኖ ይቆያል፣ ማክሰኞ ኅዳር 16 ሸራ ላይ ይወጣል። አምስት ፀሐይ ካገኘ ሰኞ ይታመሳል፣ ከኮረሪማውና ከአዝሙዱ ጋር ማክሰኞ ወፍጮ ቤት ይገባል። ረቡዕ ኅዳር 24 ኑ። ጾመ ነቢያት ሰኞ ኅዳር 15 ይገባል፣ አውቃለሁ፤ ለዚያ ሽሮው ደርሷል፣ ከዛሬ ጀምሮ ውሰዱ። ለሽሮው የሚሆን በርበሬ ካምና ከተረፈው አስቀርቻለሁ። ያዘዛችሁት አምስት ኪሎ ሁለት ኪሎ ሆኖ ቢመጣ አትቆጡኝ፣ ቀሪውን በ24 እሞላዋለሁ። «ዘመዶቼ ከአሜሪካ ሊመጡ ነው፣ ቶሎ» ያልሽኝ እህቴ፣ አንቺም።

እማዬ ከታች ትጣራለች። «ኧረ ምን እየሠራሽ ነው? 3 ሰዓት ሆነ እኮ!»

ሸራውን በእጄ ዳሰስኩት። ከዳር ደርቋል፣ መሃሉ ላይ ገና ትንሽ ይቀዘቅዛል። ሌላ አሥር ደቂቃ።